ደህና ነኝ ያልኩባቸው ወረቀቶች

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፍሪጁን ነበር። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው አፓርትመንታችን ወጥ ቤት ቆሜ ምስር ስለቅም ቀጭን፣ የማያቋርጥ ድምፅ ሰማሁ። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ሶኬቱን ነቀልኩት፤ ድምፁ አልቆመም። ማይክሮዌቩን ነቀልኩ፣ ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። ባለቤቴ ዳዊት ከሥራ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ተነቅሎ እኔ መሀል ወለሉ ላይ ቆሜ አገኘኝ።

"ምን ሆነሻል?"

"የሆነ ነገር ይጮሃል።"

ትንፋሹን ውጦ አዳመጠና "ጽጌ፣ ምንም የሚጮህ ነገር የለም" አለኝ። ያን ጊዜ ነው የሚጮኸው እኔው ውስጥ መሆኑን ያወቅኩት።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በአሜሪካ ጦር አገልግለው ለወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ይልቁንም ሕመማቸውን በምስጋና ሸፍነው ለሚኖሩ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ የሕግ ሰውም አይደለሁም። የደረሰብኝን ብቻ እናገራለሁ፤ የሚጠቅመው ይውሰደው።

በዲቪ መጥቼ ሁለት ዓመት ሆቴል ካጸዳሁ በኋላ ነው ጦሩን የተቀላቀልኩት። ዜግነቱ ቶሎ ይገኛል፣ ትምህርት ይከፍሉልሻል ተብዬ ነው። እናቴ በስልክ "ምነው ልጄ፣ ምን አጣሽ?" ብላ አለቀሰች። ሥራዬ ጄኔሬተር መጠገን ነበር። አገሩ ሁሉ አሸዋ በሆነበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ከሚያጓራ ሞተር ጋር እውላለሁ፤ በየጊዜው ደግሞ ተኩስ ልምምድ እንወጣለን።

ለጆሯችን መድፈኛ ተሰጥቶን ነበር። ባለ ሁለት ጫፍ ነው፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ። በአንዱ ጫፍ ከከተትሽው ድምፅ ሁሉ ይዘጋል፣ በሌላው ከከተትሽው የሰው ንግግር አሳልፎ የተኩሱን ድምፅ ያስቀራል አሉን። በደንብ መግጠሙን ያየልን ሰው አልነበረም። የእኔ ጆሮ ትንሽ ነው፤ የግራው መድፈኛ እየተንሸራተተ ይላላብኛል፣ በጣቴ መልሼ እገፋዋለሁ። ጥፋቱ የጆሮዬ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከተኩስ ስንመለስ ጆሮዬ ጮኸ፤ በሦስተኛው ቀን ተወኝ። ተመስገን አልኩና ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጦሩን ከለቀቅሁ ዓመታት አልፈው፣ አግብቼ ልጅ ወልጄ፣ ያ የፍሪጁ ቀን ሲመጣ ግን ላይሄድ መጣ።

ሐኪም ቤት ያልደረስኩበት የለም። የመጀመሪያው፣ ከቤታችን አጠገብ ያለው ያለ ቀጠሮ የሚያክም ኧርጀንት ኬር፣ "የጆሮ ኩክ ነው" ብሎ አጠበልኝ። ሁለተኛዋ ኢንፌክሽን ነው ብላ የጆሮ ጠብታ ሰጠችኝ። ሦስተኛው ደም ግፊቴን ለካና "ውጥረት ይመስለኛል፣ እረፍት ያስፈልግሻል" አለኝ። በሁለት ፈረቃ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለምትሠራ ሴት እረፍት ማዘዝ ቀላል ነው። አንዲት የማከብራቸው እናት ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀው ጠብ አደረጉልኝ፤ የጆሮዬ ቆዳ ተልጦ ሳምንት ሙሉ በዚያ ጎን መተኛት አቃተኝ። ጠበልም ተጠምቄአለሁ፤ በእሱ አላማርርም፣ ልቤን አሳርፎልኛል። ጩኸቱ ግን አብሮኝ ተጠምቆ አብሮኝ ተመለሰ።

ከጩኸቱ የባሰው ቤቴ ውስጥ የገባው ነገር ነው። ዳዊት ሲጠራኝ አልመልስም። ሲደግመኝ "ምን?" እላለሁ፤ ሲሰልሰኝ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ተቆጣኝ ብዬ አኮርፋለሁ። ውሎ አድሮ መጥራቱን ተወ። የሚፈልገውን በቴክስት ይልክልኛል፣ ያውም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን። ልጃችን ሶስና ሰባት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ የምትለፈልፈውን ግማሹን አልይዘውም። "ማሚ፣ ዩ ኔቨር ሊስን!" ብላ ክፍሏ ትገባለች። አንድ ቅዳሜ ፓርኪንግ ውስጥ የገበያ ዕቃ ስጭን ከኋላዬ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። ሶስና ጮኻ ጠርታኛለች፤ አልሰማኋትም። ሮጣ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ። ሾፌሩ ወርዶ ይቅርታ ሲጠይቀኝ እኔ የማየው ልጄን ነበር። ቀሚሴን አልለቀቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንሻገር እጄን የምትይዘኝ እሷ ሆነች።

ሌሊቱን ብዙ አልናገርም፤ ያለበት ሰው ያውቀዋል። ከተማው ዝም ሲል እሱ ይነሣል። መዝሙረ ዳዊት ስደግም በቃላቱ መሀል ይገባብኛል። "ዕድሜ ልኬን እንዲህ ከሆነ ልቤ ይችለው ይሆን?" እያልኩ ነው ስንት ሌሊት ያነጋሁት።

በመድፈኛው ላይ ስለተመሠረተው ክስ የነገረችኝ ሰብለ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ አንድ ካምፕ አብረን አገልግለናል፣ አፏ አያርፍም።

"አንቺ መነኩሲት፣ ጆሮሽ ይጮሃል አይደል?" አለችኝ በስልክ።

"ማን ነገረሽ?"

"አትዋሺኝ። ዛሬ ብቻ አሥራ አንዴ 'ምን?' ብለሽኛል፤ ቆጥሬአለሁ። የእኔም ይጮሃል። ያ ባለ ሁለት ጫፉ ነው የጨረሰን!"

እንዲህ ብላ ዘረዘረችልኝ፦ ብዙ ቬተራኖች፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች፣ መድፈኛውን የሠራውን ኩባንያ ከሰዋል። ክሱ፣ መድፈኛው አጭር በመሆኑ አንዳንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ሳይገጥም ይላላል፣ ያደረገው ሰውም አያውቀውም የሚል ነው። አሁን ማስረጃ ላቀረበ ሰው ካሣ ሊከፈል ነው። በጣቴ ስገፋው የኖርኩት ትዝ አለኝና ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የጆሮዬ አልነበረም ማለት ነው።

ሰብለ የላከችኝ የጠበቃ ቢሮ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የፀጉር ዕቃ መደብር ፎቅ ላይ ነው። ጉዳዬን የያዘችው የጠበቃው ረዳት አልማ ትባላለች፤ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በፈረምኩላት ፈቃድ ከየሐኪም ቤቱና ከጦሩ የሕክምና መዝገቤን ሰበሰበች። ከሁለት ወር በኋላ ጠርታኝ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። በቢጫ ቀለም ያሰመረችባቸው መስመሮች ነበሩ።

"ጽጌ፣ ይህ ያንቺ መዝገብ ነው?"

"አዎ፣ የእኔ ነው።"

"እዚህ ላይ ከጦሩ ስትወጪ ጆሮሽ ይጮሃል ወይ ተብለሻል። አይ ብለሻል። እዚህ ደግሞ ለመስማት ትቸገሪያለሽ ወይ? አይ፣ ደህና ነኝ። የቬተራኖች ሆስፒታል፣ ሁለት ጊዜ፣ ደህና ነኝ። ስትወልጂም ደህና ነኝ። ኧርጀንት ኬር ራሱ፣ ለጆሮሽ ሄደሽ፣ ሐኪሙ ሌላ ችግር አለ ወይ ሲልሽ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስድስት ቦታ ነው።" መነጽሯን አወለቀች። "ሌላው ወገን ይህን ሲያይ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ይቺ ሴት ምንም አልሆነችም ይላል።"

ወገኖቼ፣ ለእሷ እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኛ ዘንድ ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ፣ ትኩሳት ቢያንቀጠቅጥሽም፣ መልሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። ሕመምን አስቀድሞ መዘርዘር ፈጣሪን ማማረር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ኮምፒውተሩን እያየ "ሃው አር ዩ?" ሲለኝ እኔ ሰላም አለኝ እንጂ መረመረኝ አላልኩም። እሱ ግን እየጻፈው ነበር።

"አሁን ምን ይሻላል?" አልኳት።

"እስከ ወሩ መጨረሻ ሦስት ነገር አምጪልኝ። አዲስ የመስማት ምርመራ፣ ያንቺን ቃል በጽሑፍ፣ አብሮሽ የሚኖር ሰው ቃል። ካልደረሰ ፋይልሽ ይዘጋል።" ከዚያ ሌሎች የተጠቀሙበትን የቃል መስጫ ናሙና ሰጠችኝ። "አንብቢው። ካንቺ ጋር የማይሄደውን ሰርዢው። ስትፈርሚ በመሐላ ነው።"

ናሙናው መሀል አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፦ በአገልግሎት ላይ ሳለሁ ስለ ጆሮዬ ለአለቆቼ ደጋግሜ አመልክቻለሁ፣ የሰማኝ ግን የለም። እኔ ለማንም አላመለከትኩም። ግን ያቺ ዐረፍተ ነገር ብትቆም ስድስቱ መስመሮች ሁሉ ይሸፈናሉ።

"ፈርሚና ተገላገይ!" አለችኝ ሰብለ። "አለቃሽ ከየት መጥቶ ይመሰክርብሻል?"

"ሰብሊ፣ በመሐላ ነው እኮ።"

"ጆሮሽ በእውነት ይጮሃል አይደል? እዚያ ነው የጀመረው አይደል? ታዲያ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው? አንቺ ጽድቅ ስትለቅሚ ፋይሉ ይዘጋል። ምርመራውም ላይ ስስ ስሱ ድምፅ ሲመጣ ዝም በይ፤ አትቸኩይ።"

ገንዘቡ አላስፈለገኝም ብል እዋሻለሁ። ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነበር። ፋይሉ ከተዘጋ የታመምኩት ሕመም በወረቀት አልነበረም ማለት ነው፤ ባለቤቴም ልጄም እንደሚያስቡት፣ መስማት የማልፈልግ ሰው ሆኜ መቅረቴ ነው። እስክርቢቶውን ስንቴ አንስቼ ስንቴ አስቀመጥኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ወንበሮቹ እየተሰበሰቡ አገኘኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና፦

"ስንት ጊዜ ዋሸሽ?" አሉኝ።

"አባ፣ አልፈረምኩም እኮ!"

"እሱን አይደለም። ስድስቱን ነው የምልሽ።"

ደነገጥኩ። "አባ፣ ምስጋና ነው እኮ ያቀረብኩት።"

"ጎረቤትሽ ሲጠይቅሽ ምስጋና ነው። ሐኪም ሲጠይቅሽ ግን ምስክር ሆነሽ ነው የቆምሽው፤ በራስሽ አካል ላይ። ያ በወንጌል ያለው ዕውር፣ ጌታ 'ምን ላድርግልህ?' ሲለው 'ደህና ነኝ' ቢለው ኖሮ ዛሬም እዚያው መንገድ ዳር ነበር።" ፈገግ አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ። "ያለፈው ባለማወቅ ነው። ይቺን ሰባተኛዋን ግን አውቀሽ ልትጨምሪ ነው?"

ማክሰኞ ለምርመራ ሄድኩ። ድምፅ የማያስገባ፣ እንደ ቁም ሣጥን የጠበበ ክፍል ነው። ማዳመጫ ያጠልቁልሻል፣ ቁልፍ ያስይዙሻል፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ስትሰሚ ትጫኛለሽ። ክፍሉ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ በኩል መርማሪዋ ትታያለች። ያን ጊዜ አንድ የተቀበረ ነገር ተነሣብኝ። ከጦሩ ስወጣ በተመረመርኩበት ቀን ድምፁን ሳይሆን የመርማሪውን ትከሻ ነበር የማየው፤ ድምፁን ሲለቅ ትከሻው ነቅነቅ ይላል፣ ያን ጊዜ እጫናለሁ። ውጤቴ ከተበላሸ አይለቁኝም፣ ወደ አገር ቤት የቆረጥኩት ትኬት ይቃጠልብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ውጤቱ ደህና ሆነ። ለካ የራሴን ምስክር የገደልኩት ያን ቀን ነው።

"ይቅርታ፣ ወንበሩን ማዞር ይቻላል? እርስዎን ማየት አልፈልግም" አልኳት።

ግራ ገባት፤ ግን አዞረችልኝ።

ግድግዳ እያየሁ ተቀመጥኩ። ድምፁ መጣ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። በግራዬ ሲሆን የራሴ ጩኸት ከመሣሪያው ድምፅ ጋር ተቀላቀለብኝ፤ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሰብለ "ዝም በይ" ያለችው ከአንድ ወገን ይጎትተኛል፤ "እንዳትሳሳቺ፣ ተጫኚ" የሚለው የድሮው ፍርሃቴ ከሌላ ወገን። በልቤ "የሰማሁትን ብቻ፣ ያልሰማሁትን አይደለም" እያልኩ ጨረስኩ። ስወጣ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

መርማሪዋ ግራፉን አሳየችኝ። የቀኙ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። የግራው ግን ከአንድ ቦታ በኋላ ገደል እንደገባ ቁልቁል ይወርዳል። "እዚህ ጋ የትናንሽ ልጆች ድምፅ ነው ያለው" አለችኝ ጣቷን ገደሉ ላይ አድርጋ። ጩኸቱን ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል፣ የተጎዳ ጆሮ ያጣውን ድምፅ አንጎል በራሱ ሲሞላው የሚመጣ ነው ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ ፊቷ ከበድ አለ። አንዱ ጆሮ ብቻ ይህን ያህል ሲወርድ፣ ከጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ላይ እጢ አለመኖሩ በኤምአርአይ መታየት አለበት አለችኝ።

ኤምአርአይ የተገኘው ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ዳዊት ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ መጣ። በግራፉ ቀን የገደሉን መስመር ሳሳየው ምንም አላለኝም ነበር፤ ያ ዝምታው ከብዶኛል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ይጽፋል። ጭራሽ እዚህም ስልክ ብዬ ተናደድኩ። ስሜ ሲጠራ እኔ አልሰማሁም፤ እሱ ነው ተነሥቶ ትከሻዬን የነካኝ። ስወጣ ስልኩን ሰጠኝ።

"ለአልማ የምሰጠው ነው። መጀመሪያ አንቺ አንብቢው።"

በአማርኛ ነው የጻፈው። "ባለቤቴን ስጠራት ዝም ትለኛለች። የናቀችኝ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፌአታለሁ። ስታለቅስ አይቼ ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ቤቱን ሁሉ ነቅላ ድምፅ ስትፈልግ ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ማመን ነበረብኝ። ለልጃችን እናትሽ መስማት አትችልም ሳይሆን መስማት አትፈልግም አልኳት፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።"

እዚያው ሰው መሀል አለቀስኩ። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ነጭ አሮጊት፣ ከኤምአርአዩ መጥፎ ነገር የሰማሁ መስሏቸው፣ ቦርሳቸውን ከፍተው ሶፍት ሰጡኝ፤ እጄንም ያዙኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እጢ እንደሌለ በማግስቱ ተነገረን። ያን ምሽት የናሙናዋን ዐረፍተ ነገር ሰርዤ ቃሌን በራሴ አነጋገር ጻፍኩ። ለአለቆቼ አላመለከትኩም። ስጠየቅ ሁሉ ደህና ነኝ ብያለሁ፤ ያልኩት ግን ደህና ስለነበርኩ አይደለም፣ በአስተዳደጌ መልሱ እሱ ስለሆነ ነው። በመጨረሻው ምርመራ ትከሻ እያየሁ ተጭኛለሁ። የግራው መድፈኛ ይላላብኝ ነበር፣ በጣቴ እገፋው ነበር። አልማ አንብባ ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

"የትከሻውን ነገር ማንም አልጠየቀሽም፤ ግዴታ የለብሽም። ሊጎዳሽ ይችላል" አለችኝ።

"አውቃለሁ። ይግባ።"

ሰብለ ስትሰማ "አቤት! በገዛ እጅሽ!" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በማግስቱ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ሰብለ እንዲህ ናት።

መልሱ እስኪመጣ ወራት አለፉ። በየቀኑ ፖስታ ሳጥኑን እከፍታለሁ። በመጨረሻ አልማ ጠራችን። ጥያቄዬ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ነገር ግን የጦሩ የመጨረሻ ምርመራ ደህና ስለሚል የተመደብኩት ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ነው። ሰብለ ያገኘችው ከእኔ በብዙ ይበልጣል። አልማ ልቃወም እንደምችል፣ ግን ተስፋው የመነመነ መሆኑን ነገረችኝ። ዳዊትን አየሁት። "አንቺ እንዳልሽ" አለኝ። ወረቀቱን መስመር በመስመር አነበብኩ። የጆሮ ጉዳት ይላል፣ በስሜ። ካለው ቃል ሁሉ የማፍርበት አንድም አልነበረም። ፈረምኩ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ መዝገባችሁን ጠይቃችሁ አውጡና አንብቡት፤ መብታችሁ ነው። የተሳሳተ ካለበት ሐኪሙ ማስተካከያ እንዲጨምርበት በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኔ ዘግይቼም ቢሆን አድርጌዋለሁ። ጆሮ ውስጥ ዘይት አታፍስሱ። በአንድ ወገን ብቻ የሚብስ ጩኸት ካለ አትቆዩ። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ የሚያማችሁን ከቤት በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፤ አፋችሁ በልማድ ቢያመሰግንም ወረቀቱ ይናገር። ሌላ ሰው የጻፈላችሁን ቃል ደግሞ፣ እውነታችሁን የሚያሳምር እንኳ ቢሆን፣ ሳታጣሩ አትፈርሙ። ጩኸቱ አልለቀቀኝም። በመስሚያ መሣሪያ እረዳለሁ፣ ሌሊት በዝቅተኛ ድምፅ ቅዳሴ እከፍትለታለሁ፤ አሁን እንደ ክፉ ጎረቤት ተቻችለን እንኖራለን።

ከአልማ ቢሮ ወጥተን ወደ መኪናችን ስንሄድ መንገዱ በአውቶቡስና በሰው ተጨናንቆ ነበር። ዳዊት በግራዬ ይሄድ ነበር፤ እርምጃውን ገታ አደረገና በኋላዬ ዞሮ በቀኜ መጣ።

"ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ በኩል ሳወራ ኖሬአለሁ" አለኝ። "ስንቱን ነገር መልሼ ልንገርሽ?"

"ከመጀመሪያው ጀምር" አልኩት።

ጀመረ። መኪናችን ጋ ደርሰን ገና የመጀመሪያውን ዓመት አልጨረሰም፤ በሩን ሳንከፍት እዚያው ቆመን ሰማሁት።